የሽባባው ቦራ ፎልደር

የዘንገና ዙሪያ ፈረሰኞች ማኅበር ዌብሳይት እንዲኖረው በአንድ ስብሰባ ተወሰነ። በዌብሳይቱ ላይ ያሉት ፎቶዎች እንዴት ይደርደሩ የሚለው ግን ብዙ እሑዶች ፈጀ።

ፎቶዎቹ የክንዴ ናቸው። ክንዴ ቆሰበር ላይ ፎቶ ቤት አለው፤ በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት ማኅበሩ ሲጋልብ ካሜራውን አንግቶ ይወጣል። ያነሳውን አይመርጥም፤ መልሶም አያየውም። ካሜራው በሰጠው ቁጥር እንዳለ ኮምፒዩተሩ ላይ ይዘረግፈዋል። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ልጅ ዌብሳይቱን ሠርቶ ሲያስረክብም ክንዴ ያንኑ ክምር ጫነበት። ፈረስ ለማየት ገጹን የከፈተ ሰው በፈረሶቹ መሃል የማያውቀውን ሰው ሠርግ፣ የተማሪ ጉርድ ፎቶና የክንዴን የግራ ጫማ ያገኝ ነበር።

ስለዚህ ፎቶዎቹ በየፎልደሩ ይለዩ ተባለ። ሥራው የተሰጠው በክንዴ ፎቶ ቤት ለምትሠራው ለሸጋ ነው። ሸጋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የተባለችውን ልክ እንደተባለችው የምታደርግ ልጅ ናት። ማኅበሩ የወደደላት ይህን ጠባይዋን ነበር። ኋላ ያማረረውም ይህንኑ ነው።

"በዓመተ ምሕረት ይለይ" አለ በስብሰባው ላይ አንዱ።

"በየትኛው ዓመት ምን እንደነበረ ማን ያስታውሳል?"

"እንግዲያው በሰው ስም ይሁን።"

ይህን ጊዜ አዝመራው ተነሳ። አዝመራው የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ጥር ሃያ ሦስት ከሁሉ ፊት የሚጋልበው እሱ ነው፤ ሲናገርም ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው።

"በጉግስ ቀን ሰው ምኑ ይለያል?" አለ። "ሁሉም ያው ልብስ፣ ሁሉም ያው አቧራ። ሰው ይሸፈናል፤ ፈረስ አይሸፈንም። በፈረስ ይለይ!"

ተጨበጨበለት። በየፈረሱ መልክ የእሱ ፎልደር "የአዝመራው አምባላይ"፣ የይኸነው "የይኸነው ዳማ" እየተባለ እንዲቀጥል ተወሰነ። ከዚያ የማኅበሩ ዳኛ ሽማግሌው ወርቅአየሁ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ ነገር ጨመሩ።

"አንድም ፎቶ እንዳይሰረዝ። መሰረዝ ከተፈቀደማ እያንዳንድሽ የጎረቤትሽን ፈረስ ነው የምትሰርዥው።"

በዚህም ሁሉም እጁን አወጣ። ሸጋ መናገር ስላለባት ብቻ ተነሳች።

"ዌብሳይቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያሳየው መጨረሻ ፎቶ የገባበትን ፎልደር ነው። ልጁ እንዲያ አድርጎ ነው የሠራው።"

"እንግዲያው የኔን አምባላይ መጨረሻ አስገቢው" አለ አዝመራው። ተሳቀ፤ አለቃም ነውና ጸደቀለት።

ሸጋ ተቀመጠች። አባቷ ሽባባው ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ነበር። በስብሰባው አንድ ቃል አልተናገረም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ማኅበሩ አንድ የቆየ ሕግ አለው፦ ከፈረሱ የወደቀ፣ መውደቁንም ሦስት ሰው ያየበት፣ በሚቀጥለው ጥር ከበቅሎዎቹ ኋላ ይሄዳል። በቅሎ የሚቀመጡት ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዳኛ ወርቅአየሁም ከእነሱ አንዱ ናቸው። ፈረሶቹ አልፈው፣ አቧራው ሰክኖ፣ ሕዝቡ ወደ ቤቱ መመለስ ሲጀምር ነው በቅሎዎቹ ቀስ እያሉ የሚደርሱት። ከእነሱ ኋላ መሄድ ማለት ሙሉ ቀን የበቅሎ ጭራ እያዩ መዋል ነው።

ሽባባው የወደቀው ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ያውም በእንግዶቹ ድንኳን ፊት ለፊት። ምስክር አልተፈለገለትም። አምና ከበቅሎዎቹ ኋላ ሄደ፤ ቅጣቱ አበቃ። የይኸነው አፍ ግን አላበቃም። ይኸነው ከዳማው ሌላ ምላስ የሚባል ፈረስ ያለው ሰው ነው። ሽባባውን ገበያ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንስቶ፣ "ሽባባው፣ መሬት እንዴት ናት? ከተለያያችሁ ቆየ አይደል?" ይለዋል። ሰው ይስቃል። ሽባባውም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ራቱን አይበላም።

ሸጋ ፎልደሮቹን መሥራት በጀመረች ሰሞን አባቷን ቦራውን ሲቦርሽ አገኘችው። ቦራው ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሰው ሲቀርበው ኪስ የሚፈትሽ ፈረስ ነው።

"ለጥር ነው አባባ?"

"ለገዢ ነው። ከአንድ የዳንግላ ሰው ጋር ተነጋግረናል። ዌብሳይታችሁ የሚመረቅ ዕለት ከእንግዶቹ ጋር ይመጣል፤ ይወስደዋል።"

"ጥር ሃያ ሦስትስ?"

"ጥር ሃያ ሦስት እንጨት እፈልጣለሁ" አለና በአገውኛ ለቦራው አንድ ነገር ነገረው። ቦራው ጆሮውን አዞረ። ሸጋ ሰምታለች። 'አንተ አልጣልከኝም፤ እነሱ ናቸው' ነበር ያለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸጋ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦራው ሳይሸጥ አባቷ ጥር ሃያ ሦስት ኮርቻ ላይ እንዲወጣ። እንዴት እንደሚሆን አታውቅም። የምታውቀው ፎልደር መሥራት ነው። ሠራች።

ሠርጎቹን ለብቻ፣ ጉርድ ፎቶዎቹን ለብቻ፣ የክንዴን ጫማ ለብቻ አደረገች። ከዚያ ፈረሶቹን መለየት ጀመረች፤ ሲለዩም ያልጠበቀችው ነገር ብቅ አለ።

በመጋለቢያው ሜዳ መጨረሻ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ፈረሶቹ የሚዞሩበት ቦታ አለ። ከድንኳኑ ሆኖ ሲታይ እዚያ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ክንዴ ግን ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ጥላ ስላለው። በዚያ መዞሪያ የሆነውን ሁሉ ካሜራው ይዞት ነበር። ባዶ ኮርቻ። በአየር ላይ ያለ ባርኔጣ። ባርኔጣውን የተከተለ ሰው። እሾህ ቁጥቋጦ አቅፎ የተኛ ሰው። ፊታቸው አይታይም፤ አቧራ ነው። ፈረሶቹ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

"ክንዴ፣ ይህን ሁሉ አይተኸዋል?" አለችው።

"ካሜራው አየ እንጅ እኔ አላየሁም" አለ ክንዴ። "እኔ ሲጋልቡ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አቧራው!"

ሸጋ እንደተባለችው እያንዳንዱን ወደየፈረሱ ፎልደር አስገባች። ዌብሳይቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊትም ባለፈረሶቹ መጥተው የየራሳቸውን ይዩ ተባለ።

መጀመሪያ የመጣው ይኸነው ነው። ወንበር ስቦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ "እስቲ ዳማዬን አሳይኝ" አለ። ሸጋ ከፈተችለት። ይኸነው በየፎቶው "አቤት! አቤት!" እያለ ቆየና ድንገት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ዳማው ኮርቻው ባዶ ሆኖ ይሮጣል፤ ከኋላው፣ በአቧራው ውስጥ፣ ሁለት እግሮች ወደ ሰማይ ቆመዋል።

"ይሄ ማን ነው?" አለ።

"እኔ ምን አውቃለሁ አያ ይኸነው? ፊቱ አይታይም።"

ይኸነው ወደ በሩ ዞሮ አየ። ክንዴ ውጭ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ያወራል።

"ሰርዥው" አለ በሹክሹክታ።

"አይሰረዝም። የማኅበሩ ውሳኔ ነው። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።"

"እንግዲያው ከዚህ አውጭልኝ።"

"ወዴት ልውሰደው?"

ይኸነው አገጩን አከከ። ጣራውን አየ። ፊቱ በራ።

"አባትሽ ዘንድ አድርጊው! አባትሽ እንደሆን አንዴ ወድቋል። በወደቀ ሰው ላይ አንድ መውደቅ ቢጨመር ምን ይጎድልበታል?"

ሸጋ ልትናገር የነበረውን ዋጠችና ዝቅ ባለው ድምፅዋ ጠየቀች።

"ፈረሱስ? ዳማ እኮ ነው። የአባባ ግን ቦራ ነው።"

"አይ ልጄ! ሰው ሲወድቅ ወዳቂው ነው የሚታይ እንጅ ፈረሱን ማን ያያል? ብቻ ለማንም እንዳትተነፍሽ።"

"አልተነፍስም።"

ፎቶውን አንስታ "የሽባባው ቦራ" ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። ይኸነው ምርቃት አውርዶላት ወጣ።

በማግስቱ ሌላው መጣ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው። አንዱ "አልወደቅሁም፤ ቸኩዬ ወረድሁ እንጅ" አለ። ሌላው "ፈረሱ ነው ከሥሬ የሄደው" ብሎ በጊዮርጊስ ሊምል ሲል ፎቶውን ደግሞ አየና መሐላውን ተወው። አንዱ ደግሞ እሾህ ያቀፈውን ሰው ትክ ብሎ ካየ በኋላ፣ "ይሄን ቁጥቋጦ አውቀዋለሁ" ብቻ አለ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ ሁሉም የት ይቀመጥ ሲባሉ ያው አንድ ሐሳብ ይመጣላቸዋል። "ሽባባው እኮ ለምዶታል!" ይላሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ከሚገባው ጋር ደረታቸውን ነፍተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ በማኅበሩ ውስጥ ተደብቆ የወደቀ እሱ ብቻ ይመስለዋል።

ሸጋ ማንንም አልከለከለችም። የተነገራትን ፎቶ፣ የተነገራት ቦታ አስቀመጠች። አንድ ቀን ብቻ ቤት ገብታ አባቷን ጠየቀችው።

"አባባ፣ የሰው ነገር ቦራ ፎልደር ውስጥ ባኖር ትቆጣለህ?"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"አደራ።"

"ቦራ ከኔ ጋር ሊለያይ ነው፤ የፈለግሽውን ጫኚበት" አለ ሽባባው።

አዝመራው ግን አልመጣም። አለቃ ስለሆነ፣ እንግዳ ስለሚጋብዝ፣ ድንኳን ስለሚያስተክል ጊዜ አጣ። ሸጋ በምረቃው ዋዜማ የመጨረሻውን የአምባላዩን ፎቶ እንደተወሰነው ከሁሉ በኋላ አስገብታ ላፕቶፑን ዘጋች። አሁን ዌብሳይቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው አምባላዩ ነው።

የምረቃው ዕለት ጠዋት፣ ሕዝቡ ወደ አዳራሹ መግባት ሲጀምር፣ አዝመራው አዲስ ልብሱን ለብሶ ፎቶ ቤቱ ከች አለ።

"የኔን ሳላይ ለሕዝብ ሊታይ ነው እንዴ? ክፈችው እስቲ!"

ከፈተችለት። አዝመራው ፈገግ አለ። በሁለተኛው ፎቶ ይበልጥ ፈገግ አለ። ከዚያ መዞሪያው መጣ። አምባላዩ አንገቱን አዙሮ ወደ መሬት ያያል፤ መሬት ላይ አዲስ ልብስ የለበሰ ትልቅ ሰው በአፍንጫው ተደፍቷል።

አዝመራው ልብሱን አየ። ያው ልብስ አልነበረም፤ ግን አራገፈው።

"ይህን ያየ አለ?"

"ከእርስዎና ከኔ በቀር የለም።"

"በይ ቶሎ በይ። ለምሳሌ... ለምሳሌ ሽባባው ዘንድ ብታደርጊው?"

"አያ አዝመራው፣ አሁን እዚያ ካስገባሁት ግን መጨረሻ የገባው..."

"አንች ልጅ! እንግዳ ደጅ ቁሟል፣ አንች ወሬ ታወሪኛለሽ! ያልሁሽን አድርጊ። ከዚህ ሌላ ምንም ነገር እንዳትነኪ፤ ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

ያላትን አደረገች። ከዚህ ሌላ ምንም ነገር አልነካችም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት የዳንግላ ፈረሰኞች በእንግድነት ተቀምጠዋል፤ ቦራውን ሊገዛ የተነጋገረውም ሰው ከመሃላቸው ነው። ሽባባው ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቦራውን ውጭ አስሮ፣ የልጓሙን ትርፍ ገመድ በእጁ ይዞ። ክንዴ ፕሮጀክተሩን አብርቶ ምስሉን ግድግዳው ላይ ለማስተካከል ታገለ። አዝመራው ንግግር አደረገ።

"እንግዶቻችን! ቀድሞ ስማችንን የሚያውቅ ዘንገናና ቆሰበር ብቻ ነበር። ዛሬ ዓለም ያየናል። እንዴት እንደምንጋልብ... ሸጋ፣ ክፈችው!"

ሸጋ ከፈተችው።

አምባላዩ በግድግዳው ሙሉ ቆሞ ወደ መሬት ያይ ነበር። ሥሩም አለቃው ተደፍቶ ነበር። ከላይ በትልቁ "የሽባባው ቦራ" ይላል። አንድ ሰው ሳል ያዘው። ገጹ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው አለፈ። ባዶ ኮርቻ ያለው ዳማ። ሁለት እግሮች። ቀጥሎ ጉራች ፈረስ፣ ቁጥቋጦ ያቀፈ ሰው። ቀጥሎ መጋላ ፈረስ፣ ባርኔጣ፣ ባርኔጣውን የተከተለ ሰው።

ከዳንግላ እንግዶች አንዱ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ ጠየቀ።

"ይቅርታ፤ ይሄ ሽባባው የሚባለው ሰው ስንት ፈረስ ነው ያለው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁ መጀመሪያ ማን እንደነበረ እስካሁን ይከራከራሉ።

"ዝጊው!" አለ አዝመራው። በሳቁ መሃል ግን አልተሰማም፤ የቆሰበር ኔትወርክም በተፈለገ ጊዜ ይጠፋል እንጅ ባልተፈለገ ጊዜ አይጠፋም። ፎቶዎቹ ቀጠሉ።

ይኸነው ዘሎ ተነሳ። "ፊት አይታይም! ማን መሆኑ በምን ይታወቃል? ፎልደሩ የሽባባው ነው፤ የወደቀውም ሽባባው ነው!"

ዳኛ ወርቅአየሁ በትራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ መቱ። ሽማግሌው ዓይናቸው ውስጥ ከወትሮው የተለየ ነገር ነበር፤ ለብዙ ዓመት ሰልፍ መጨረሻ ላይ አቧራ የበላ ሰው ደስታ።

"አዝመራው" አሉ፣ "በስብሰባው ቀን ምን ነበር ያልኸው?"

ከኋላ አንዱ መለሰለት። "'ሰው ይሸፈናል፤ ፈረስ አይሸፈንም!'"

"ይህን ዳማ የማያውቅ አለ?" አሉ ዳኛው። "ይህን አምባላይ የማያውቅ አለ? የለም። ምስክር ሦስት ይበቃ ነበር፤ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሆነ፤ ከዳንግላም ተጨመረልን። ቅጣቱ የሚቆጠረው መውደቁ ከታወቀበት ቀን ነው፤ ከወደቀበት አይደለም። እንግዲህ ዘንድሮ ወዳቂ ሁሉ ከበቅሎዎቹ ኋላ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ከፊት ማን ይሄዳል?" አለ አዝመራው፤ መጠየቁን የተጸጸተው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ፈረሰኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በስም በስም ተጣራ። ከበቅሎ ፊት የሚሄድ ፈረሰኛ ጠፋ። ዳኛው በትራቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ።

"እዚህ ቤት ቅጣቱን የጨረሰ አንድ ሰው ነው ያለው። ሽባባው፣ ና ወደ ፊት!"

ሽባባው ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ገዢው ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ እሱ ሲመጣ አየው።

"ወንድሜ፣ ቦራውን..." አለ ገዢው።

"የትኛውን ቦራ?" አለ ሽባባው። ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቀለለ። "እኔ እኮ ባለብዙ ፈረስ ነኝ፤ አላየህም? ከነዚያ አንዱን ምረጥ።" ገዢውም ሳቀ።

ይኸነው ወደ ሸጋ ቀረበ። ፊቱ ቀልቷል።

"ነገርሽብን!"

"አያ ይኸነው" አለች ሸጋ፣ "አንድ ቃል ተንፍሻለሁ?"

ይኸነው አፉን ከፈተ፤ አሰበ፤ ዘጋው።

ጥር ሃያ ሦስት ሽባባው በቦራው ላይ ወጣ። እሱ ከፊት፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ በበቅሎዎቻቸው፤ ዳኛ ወርቅአየሁ የመጀመሪያዋ በቅሎ ላይ ሆነው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ በጣም በጣም በዝግታ። ከእነሱ ኋላ ማኅበሩ በሙሉ ልጓሙን ጨብጦ፣ በበቅሎ እርምጃ። አምባላዩ በቅሎ ሊቀድም በሞከረ ቁጥር ሕዝቡ "ሕግ! ሕግ!" እያለ ይጮኻል።

ሽባባው መዞሪያው ላይ ሲደርስ ከኋላ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ብዙዎቹ የሚጸልዩትን ጸሎት እግዜር ብቻ ይወቀው። ሽባባው ልጓሙን ሳብ አድርጎ፣ ቦራውን እንደ ሙሽራ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ከዞረ በኋላ ተረከዙን ነካ አደረገውና በሜዳው ላይ ሽምጥ ለቀቀው። ሸጋ ከክንዴ ጎን ቆማ ነበር። ክንዴ ዘንድሮ ዓይኑን አልጨፈነም።

በማግስቱ አዝመራው ፎቶ ቤት መጣ። ወንበር አልሳበም።

"ያነሳችሁት አለ አሉ" አለ። "እኔ ከመጨረሻዋ በቅሎ ኋላ ያለሁበት። ጭራዋ... ጭራዋ ፊቴ ላይ ያረፈበት።"

"አለ።"

"ያንን ሌላ ቦታ ብታስቀምጭው?"

"የት ላድርገው አያ?"

አዝመራው አሰበ። ልማድ ነውና የመጀመሪያው ሐሳብ ያው መጣለት። "ሽባባው ዘንድ..." አለና ራሱ ተወው። አሁን እዚያ ፎልደር ውስጥ ሽባባው ከሁሉ ፊት ሲጋልብ ነው ያለው፤ ገጹም ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሌላ ቦታ ፈለገ። ዳማው ዘንድ ይኸነው አለ፤ ጉራቹ ዘንድ ባለጉራቹ አለ። ማንም ዘንድ ቦታ ጠፋ።

"እስቲ አሳይኝ" አለ በመጨረሻ።

አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

"እዚያው አምባላዩ ዘንድ ይቀመጥ" አለ። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ "ፈረሱ ግን አምሮበታል፤ አይደል?" አለ።